ያላዩት አገር ሲናፍቅ

«ያላዩት አገር አይናፍቅም» ይላል የአገራችን ሰው። ብሂሉን ለብዙ ዘመን የረታው አልነበረም። እ.ኤ.አ. በዲሴምበር 2009 የጄምስ ካሜሮን «አቫታር» በዓለም ሲኒማ ቤቶች መታየት በጀመረ በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ግን ይህን ብሂል የሚፈትን ወሬ ተሰማ። በጃንዋሪ 2010 የዜና ማሰራጫዎች እንደዘገቡት፣ ፊልሙን አይተው ከወጡት መካከል በብርቱ ትካዜ የተዋጡ፣ የሚኖሩባት ምድር ደብዝዛ የታየቻቸው፣ አንዳንዶቹም መኖርን እስከ መጥላት የደረሱ ተመልካቾች ነበሩ። የናፈቋት አገር ፓንዶራ ትባላለች። ፓንዶራ ደግሞ የለችም።

በእነዚህ ሰዎች ላይ ብዙ ተቀለደባቸው። ይህ ጽሑፍ ከቀልደኞቹ ጋር አይወግንም፤ ለናፋቂዎቹም ሙሉ ጥብቅና አይቆምም። የሚለው አንድ ነገር ነው፦ ዓይን ካየ ልብ እንደሚናፍቅ «አቫታር» በማያሻማ መንገድ አስመስክሯል፤ ስለዚህም ሊያሳፍረን የሚገባው በምስል መማረካችን ሳይሆን፣ ዓይናችንን ለማን እንደምንሰጥና ማንን እንደምንነፍግ አለመጠየቃችን ነው።

ፊልሙን ላላዩ ወይም ለዘነጉ ጥቂት እናስታውስ። ዘመኑ 2154 ነው። አንድ የማዕድን ኩባንያ ከምድር እጅግ ርቃ በምትገኝ ፓንዶራ በተባለች ጨረቃ ላይ ሰፍሯል፤ የመጣበትም ጉዳይ በምድር ገበያ ዋጋው የማይቀመስ ማዕድን ነው። ማዕድኑ በብዛት የተከማቸው ደግሞ ቁመታቸው ሦስት ሜትር ያህል የሆነ፣ ናቪ የሚባሉ ሰማያዊ ፍጡራን መኖሪያቸው ባደረጉት ታላቅ ዛፍ ሥር ነው። እግሮቹ የማይታዘዙለት የቀድሞ ወታደር ጄክ ሱሊ፣ አእምሮው በናቪ ገላ አማካይነት እንዲንቀሳቀስ ተደርጎ በመካከላቸው ይገባል፤ ወሬ ያቀብልባቸዋል፤ ኋላ ግን ቋንቋቸውን ይማራል፣ ኔይቲሪ የተባለችውን ልጅ ይወዳል፣ ዛፉ በጦር መሣሪያ ተመትቶ ሲወድቅም ከእነርሱ ጎን ይሰለፋል። ካሜሮን የታሪኩን ንድፍ የጻፈው በ1994 ሲሆን፣ በሐሳቡ ያለውን በሸራው ላይ የሚያወጣ ቴክኖሎጂ እስኪደርስለት ዓመታት ጠብቋል። ለሥራው 237 ሚሊዮን ዶላር ያህል ወጣበት፤ በመጀመሪያው ዙር ብቻ ከ2.7 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ። ከዚያ ወዲህም በድጋሚ እየታየ ገቢው ከ2.9 ቢሊዮን አልፏል።

የተመልካቹ አስተያየት በሁለት ጎራ ተከፈለ። አንደኛው ጎራ «አቤት ምስሉ! አቤት ቀለሙ!» ብሎ የጀመረና በዚያው የጨረሰ ነው። ሁለተኛው ጎራ ራሱን ከፍ አድርጎ የሚያይ፣ «ምስሉስ ይሁን፤ ታሪኩ ግን ባዶ ነው» የሚል ነው። የቫቲካን ጋዜጣ እንኳ በጃንዋሪ 2010 ፊልሙን ቴክኖሎጂው አስደናቂ፣ እውነተኛ ስሜቱ ግን ጥቂት ነው ሲል ነቅፎታል። በማርች 2010 የተካሄደው የኦስካር ሽልማትም ይህንኑ ክፍፍል ያጸደቀ ይመስል ነበር። ፊልሙ በዘጠኝ ዘርፎች ታጭቶ ያሸነፈው በሦስት ብቻ ነው፦ በፊልም ቀረጻ፣ በልዩ የምስል ቅንብርና በመድረክ ንድፍ። ሦስቱም ለዓይን የሚሰጡ ናቸው።

ሁለቱ ጎራዎች የተጣሉ ይመስላሉ እንጂ በአንድ ስሕተት ላይ ተስማምተዋል። ሁለቱም ምስል ሌላ፣ ታሪክ ሌላ፣ ኅሊና ደግሞ ከሁለቱም የራቀ ነገር ነው ብለው ያምናሉ። አንደኛው ምስሉን ወስዶ ኅሊናውን ይተዋል፤ ሁለተኛው ምስሉን ንቆ ኅሊናውን ያጣዋል።

በመጀመሪያ ለአዋቂዎቹ መልስ እንስጥ። ፊልሙ ከ160 ደቂቃ በላይ ይረዝማል። ከዚህም ሰፊውን ጊዜ የሚወስደው በሌሊት የሚያበራው ደን፣ በአየር ላይ የተንሳፈፉት ተራሮች፣ ሰው ሲረግጣቸው ብርሃን የሚፈነጥቁት ዕፀዋት ናቸው። አዋቂዎቹ ይህን ጌጥ ይሉታል። ጌጥ ግን አይደለም፤ ክርክሩ ራሱ ነው። ተመልካቹ ቀድሞ ከኔይቲሪ ጋር በቅርንጫፎቹ ላይ ባይመላለስ፣ በዛፉ ጥላ ሥር ውሎ ባያድር፣ ዛፉ ሲገነደስ «እንጨት ወደቀ» ብሎ ባለፈ ነበር። ለኩባንያው ሹም ዛፉ እንጨት ነው። ካሜሮን ሹሙን በንግግር አይሞግተውም፤ ተመልካቹን ወስዶ ዛፉን ያሳየዋል። ከዚያ በኋላ ሹሙን የሚሞግተው ተመልካቹ ራሱ ነው።

ይህ አካሄድ ለእኛ እንግዳ ሊሆን አይገባም ነበር። ፊደል ያልቆጠሩ አያቶቻችን በቤተ ክርስቲያን ግድግዳ ላይ የተሳለውን ስቅለት እያዩ እንባቸውን ያፈስሱ ነበር። ከመካከላቸው «ቀለሙ መልካም ነው፤ ታሪኩን ግን ቀድሜ አውቀዋለሁ» ያለ ሰው ነበር ቢባል ማን ያምናል? ሠዓሊው ታሪክ አልፈጠረም፤ የታወቀውን ታሪክ በዓይን ፊት አቆመው። ያ ደግሞ ትንሽ ሥራ አይደለም።

«ታሪኩ አሮጌ ነው» የሚለውም ክስ ከዚህ አይሻልም። እውነት ነው፤ በ1990 የወጣው «ዳንስስ ዊዝ ዎልቭስ» ተመሳሳይ መንገድ ሄዷል፤ በ1995 የወጣው «ፖካሆንታስ»ም እንዲሁ። ነገር ግን ታሪኩ አሮጌ የሆነው ድርጊቱ አሮጌ ስለሆነ ነው። ጉልበተኛ ይመጣል፤ ከባለ ርስቱ እግር ሥር የሚፈልገውን ያያል፤ ባለ ርስቱን አውሬ ብሎ ይሰይመዋል፤ ከዚያም ያፈናቅለዋል። «ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ» ያሉት አባቶች ይህን ታሪክ በአንድ ዓረፍተ ነገር ጨርሰውታል። ነጣቂው ዘዴውን ሳይለውጥ ተራኪው ታሪኩን እንዲለውጥ መጠየቅ ፍርደ ገምድልነት ነው።

በአንድ ክስ ግን እንስማማ። የኒው ዮርክ ታይምስ አምደኛ ዴቪድ ብሩክስ በጃንዋሪ 2010 እንደተቸው፣ ፊልሙ ነጭ ሰው መጥቶ ተወላጁን የሚያድንበት ተረት ነው። ናቪዎቹ በገዛ አገራቸው፣ በገዛ ጦርነታቸው፣ መሪ ያጡ ይመስል ትናንት የመጣ እንግዳ ይመራቸዋል። ይህ ነቀፌታ ትክክል ነው፤ ማድበስበስም አያስፈልግም። እንዲያውም ከዚህ የከፋ አለ። ከሰማያዊው ቆዳ በስተጀርባ ያሉትን ተዋንያን እንመልከት። የኔይቲሪን ክፍል የተጫወተችው ዞዊ ሳልዳኛ፣ እናቷን የሆነችው ሲ.ሲ.ኤች. ፓውንደር፣ ወጣቱን ተዋጊ የሆነው ላዝ አሎንሶ ጥቁሮች ናቸው፤ የነገዱን አለቃ የተጫወተው ዌስ ስቱዲ የቼሮኪ ተወላጅ ነው። ዓለም ያለቀሰላቸው ቆዳቸው ሰማያዊ ከሆነ በኋላ ነው። በራሳቸው ቀለም በዜና ሲቀርቡለት፣ ያው ተመልካች ጣቢያ ይለውጣል።

ዳይሬክተሩም ቢሆን የሠራውን ሙሉ በሙሉ የተረዳ አይመስልም። በ2010 ከአንድ ጋዜጣ ጋር ባደረገው ቃለ ምልልስ፣ የላኮታ ሕዝብ መጪ ዕድሉን አስቀድሞ ማየት ቢችል ኖሮ ይበልጥ በርትቶ ይዋጋ ነበር የሚል ሐሳብ ሰነዘረ። ሁለተኛው ፊልም በ2022 ሲወጣ ይህ ንግግር እንደገና ተነሥቶ፣ በአሜሪካ ከነባር ሕዝቦች ወገን ፊልሙን አትዩ የሚል ጥሪ ተላለፈ። ቁጣቸው ተገቢ ነበር። የተወጋውን «ለምን በደንብ አልተከላከልህም?» ብሎ መጠየቅ «በሰው ቁስል እንጨት ስደድበት» የተባለው ዓይነት ነገር ነው።

አሁን ወደ አንደኛው ጎራ፣ ወደ ተደናቂዎቹና ወደ ናፋቂዎቹ እንመለስ። የእነርሱ ናፍቆት እውነተኛ ነበር፤ በዚህ አንቀልድም። ግን የናፈቁት ምንን ነበር? ደኑን ናፈቁ እንጂ ደኑ የተነጠቀበትን ሕዝብ አልነበረም። የዛፉን ብርሃን አሰቡ እንጂ ከዛፉ ሥር የተባረሩትን አላሰቡም። ናፍቆታቸው «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖ የቀረው ለዚህ ነው። ፖል ፍሮመር የተባለው የቋንቋ ምሁር ለፊልሙ የፈለሰፈውን የናቪ ቋንቋ ቁጭ ብለው ያጠኑ ተመልካቾች አሉ። ትጋታቸውን ማንም ሊከለክል አይችልም። ነገር ግን በደቡብ ምዕራብ ኢትዮጵያ በወይጦ ሸለቆ የኦንጎታ ቋንቋ ተናጋሪዎች በጣት የሚቆጠሩ አረጋውያን ብቻ ሆነው እንደቀሩ ስናስታውስ፣ የማንም አፍ መፍቻ ያልሆነ ቋንቋ ይህን ያህል ተማሪ ማግኘቱ ያሳዝናል።

በቻይናም የሆነው ይኸው ነው። በጃንዋሪ 2010 በጃንግጂያጂየ የሚገኝ አንድ ማማ መሳይ ተራራ፣ በፊልሙ ውስጥ እንዳሉት ተንሳፋፊ ተራሮች «አቫታር ሃሌሉያ» ተብሎ እንዲጠራ ተወሰነ፤ ጎብኚም ተጠራበት። ለዘመናት የቆመ ተራራ ስሙን ለፊልም ለቀቀ። ፊልሙ የሌላውን አገር ስምና ክብር ስለሚወስዱ ሰዎች የሚናገር መሆኑን ያስታወሰ ያለ አይመስልም። ተደናቂው ተመልካችም እንዲሁ ነው፤ ሲወጣ የሥሪ ዲ መነጽሩን በር ላይ መልሶ ይሄዳል። የመለሰው መነጽሩን ብቻ ቢሆን መልካም ነበር። ብዙዎች ግን ዓይናቸውንም አብረው ያስረክባሉ።

ነገር ግን ሦስተኛ ዓይነት ተመልካችም ነበረ። ክርክሩ የሚፈታው በእርሱ ነው።

በዌስት ባንክ ቢልዒን የምትባል የፍልስጤም መንደር አለች። እስራኤል የሠራችው አጥር የመንደሩን ሰዎች ከእርሻቸው ስለለያቸው ከ2005 ጀምሮ በየዓርቡ ሰልፍ ይወጡ ነበር። ፌብሩዋሪ 12 ቀን 2010 ከሰልፈኞቹ ጥቂቶቹ ገላቸውን ሰማያዊ ተቀብተው፣ ጆሮና ጅራት ቀጥለው፣ ናቪ መስለው ወጡ። አስለቃሽ ጢስ ሲተኮስባቸው የሚያሳየውም ምስል በዓለም ዙሪያ ታየ። በዚያው ወር በሕንድ ኦዲሻ ግዛት በኒያምጊሪ ተራራ ላይ ለሚኖሩት ለዶንግሪያ ኮንድ ሕዝቦች የሚሟገት ድርጅት፣ በአንድ የሆሊውድ መጽሔት ላይ ለካሜሮን ጥሪ አወጣ። መልእክቱ የእነዚህ ሰዎች ታሪክ የፊልሙ ታሪክ ነው፣ በእውን እየደረሰባቸው ነው የሚል ነበር። ተራራው ለዶንግሪያዎች የአምላካቸው መኖሪያ ነው፤ ለቬዳንታ ኩባንያ ግን የቦክሳይት ማዕድን ክምችት ነበር። የቦሊቪያው ፕሬዚዳንት ኤቮ ሞራሌስም ፊልሙ ተፈጥሮን ለመከላከል የሚደረግ ተጋድሎን ያሳያል ብለው አወደሱት። በቻይናም ቤታቸው በግዳጅ የሚፈርስባቸውን ዜጎች ዕጣ በናቪዎች ዕጣ ያነበቡ ተመልካቾች ነበሩ።

እነዚህ ተመልካቾች «ምስሉ ውብ ነው» ብለው አላቆሙም፤ «ታሪኩ አሮጌ ነው» ብለውም አልናቁም። «ይህ እኛ ነን» አሉ። የብሩክስ ትክክለኛ ነቀፌታም በእነርሱ ላይ አይሠራም። የቢልዒን ሰልፈኞች ሰማያዊ የተቀቡት ራሳቸውን ናቪ አድርገው እንጂ ጄክ ሱሊ ይመጣልናል ብለው አልነበረም። ከፊልሙ የሚጠቅማቸውን ወስደው አዳኙን ለሆሊውድ መለሱለት። ከዚህ የበለጠ የፊልም ሂስ የት ይገኛል?

«ይህ የካሜራ ትርኢት ነው» የሚል ይኖራል። አዎ፣ ትርኢት ነው። ሰዎቹ አምስት ዓመት ያለ ቀለም ሲሰለፉ ያላያቸው ዓለም በአንድ ዓርብ ሰማያዊ ሲቀቡ ካያቸው፣ ነውሩ የሰልፈኞቹ ነው ወይስ የዓለሙ? በሌላ በኩል ደግሞ ፊልሙን ከሚገባው በላይ አናሞግሰው። ኒያምጊሪን ያዳነው ሲኒማ አይደለም። የሕንድ መንግሥት በኦገስት 2010 የማዕድን ፈቃዱን ከለከለ። በ2013 የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት የመንደሮቹ ሸንጎዎች ይጠየቁ ሲል ወሰነ፤ የተጠየቁት 12 የመንደር ሸንጎዎችም፣ አሥራ ሁለቱም፣ «አይሆንም» አሉ። በቢልዒንም የአጥሩ መሥመር እንዲለወጥ የእስራኤል ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2007 የሰጠው ውሳኔ የተፈጸመው ከአራት ዓመት ሰልፍ በኋላ በ2011 ነው። ፊልሙ ያደረገው ለጥቂት ሳምንታት ሰው ወደዚያ እንዲመለከት ብቻ ነው። ይህ ጥቂት ነው፤ ከንቱ ግን አይደለም።

እንግዲህ እኛስ፣ በዚህ በምሥራቅ አፍሪካና በአፍሪካ ቀንድ የምንኖረው ተመልካቾች፣ የትኛው ጎራ ውስጥ ነን?

«አቫታር» ገና በሲኒማ ቤቶች እየታየ ሳለ፣ በፌብሩዋሪ 2010፣ የአፍሪካ የሰብዓዊና የሕዝቦች መብቶች ኮሚሽን በኬንያ የኤንዶሮይስ ሕዝቦችን ጉዳይ በተመለከተ የሰጠው ውሳኔ ይፋ ሆነ። ኤንዶሮይሶች በ1970ዎቹ ለዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ ሲባል ከቦጎሪያ ሐይቅ ዙሪያ የተባረሩ አርብቶ አደሮች ናቸው። ሐይቁ የአምልኮአቸው ስፍራ ነው። ኮሚሽኑ የሃይማኖት፣ የባህል፣ የንብረትና የልማት መብታቸው ተጥሷል አለ፤ መሬታቸው እንዲመለስላቸውም ጠየቀ። ውሳኔው ለዓመታት ሳይፈጸም ቆየ። ወደ ቦጎሪያ ጎብኚ የሚጎርፈው ሐምራዊ ፍላሚንጎዎችንና ከምድር የሚፈላውን ፍል ውኃ ለማየት ነው። ከፓንዶራ የማይተናነስ ትዕይንት ነው። የተባረረው ሕዝብ ግን በፎቶግራፉ ውስጥ የለም።

የማው ደን ኦጊዬኮችም አሉ፤ ከደኑ ማር እየቆረጡ የኖሩ ናቸው። በሜይ 26 ቀን 2017 አሩሻ የሚገኘው የአፍሪካ ፍርድ ቤት ፈረደላቸው። ያም ሆኖ በኖቬምበር 2023 እንደገና ከደኑ ሲባረሩ፣ ቤታቸውም ሲፈርስ ታየ። በኢትዮጵያም በታችኛው ኦሞ ሸለቆ ከ2011 ጀምሮ ለሸንኮራ አገዳ እርሻ መሬት ሲጠረግ፣ የቦዲና የሙርሲ ሰዎች የግጦሽና የእርሻ ስፍራቸውን እንዳጡ የመብት ተሟጋች ድርጅቶች ዘግበዋል። ሙርሲዎችን የማያውቅ የለም፤ ከንፈራቸው ላይ ያለው ገል በየፖስት ካርዱ ታትሟል። እኛም እንደ ውጭው ጎብኚ ገሉን አይተን አደነቅን እንጂ እግራቸው የቆመበትን መሬት አላየንም። «አቤት ምስሉ!» አልን።

ኪነ ጥበቡም ቢሆን አልጠፋብንም ነበር። በዚያው በ2009 ኬንያዊቷ ዋኑሪ ካሂዩ «ፑምዚ» የተሰኘ አጭር የሳይንስ ልብ ወለድ ፊልም ሠርታለች፤ ቃሉ በስዋሂሊ «እስትንፋስ» ማለት ነው። ከሃያ ደቂቃ ብዙም የማይረዝመው ይህ ፊልም በጃንዋሪ 2010 በሰንዳንስ ፌስቲቫል ታይቷል። በውኃ ጦርነት በጠፋች ምሥራቅ አፍሪካ አሻ የምትባል ሴት አንዲት ዘር ይዛ ወደ በረሃው ትወጣለች፤ ያላትን ጥቂት ውኃም ለችግኟ ታጠጣለች። አዳኝ ከሰማይ አይወርድም። ዛፉን የምታቆመው የአገሩ ልጅ ራሷ ናት። የፓንዶራን ዛፍ መውደቅ ያየ ሁሉ የአሻን ችግኝ አላየም፤ ለዚህም ተጠያቂው የፊልሙ ርዝመት አይደለም።

በ2009 እና በ2022 መካከል «አቫታርን የሚያስታውሰው የለም» ማለት የአዋቂነት ምልክት ሆኖ ነበር። ሁለተኛው ክፍል ሲወጣ ከ2.3 ቢሊዮን ዶላር በላይ አስገባ፤ በዲሴምበር 2025 ደግሞ ሦስተኛው ተከተለ። ዓይን እንዳልጠገበ ግልጽ ነው። ባይጠግብም አንከሰውም። የምንከሰው ዓይን ያየውን ይዞ ወደ ቤቱ የማይመለሰውን ልብ ነው።

ስለዚህ ቀጣዩን ትዕይንት ለማየት የሚሰለፍ ሁሉ ይሰለፍ፤ ይደነቅ፤ ቢያሰኘውም ያልቅስ። ሲወጣ ግን አንድ ጥያቄ ይጠይቅ፦ ዛሬ ሲወድቅ ያየሁት ዛፍ በእኔ አገር ስሙ ማን ነው? ብሂሉ አልተሳሳተም፤ ያላዩት አገር አይናፍቅም። ካሜሮን የሌለ አገር አሳየንና ናፈቅን። ያለውን አገር ግን የሚያሳየን ሳይጠፋ፣ ለማየት አልፈለግንም።